የዌብሳይት ፎርም አልላክ ሲል፦ የስፓም መከላከያው የት ጋ እንደያዘው ማግኘትና ማስተካከል

ደሴ ፒያሳ ያለ ማረፊያ ቤት፣ ኮምቦልቻ ያለ የትራንዚት ቢሮ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር ተማሪ የሚመዘግብ የግል ኮሌጅ፦ ሁሉም ዌብሳይት ሲያሠሩ ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት ደንበኛ ስሙንና ስልኩን ጽፎ የሚልክበት ፎርም ነው። ፎርሙ በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ያገኙትና የቁማር ማስታወቂያና የውሸት ብድር ይጭኑበታል። ባለቤቱ ይማረራል፣ ሠሪው አንድ መከላከያ ይጨምራል፤ እሱ አልበቃ ሲል ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ስፓሙ ቀጥ ይላል። የደንበኛውም መልእክት አብሮ ቀጥ ይላል፣ ይህንንም ማንም ሳያውቀው ወር ሊያልፍ ይችላል።

መከላከያውን ሁሉ አጥፍቶ «ይኸው ሠራ» ማለት ጥገና አይደለም። በማግሥቱ ስፓሙ ይመለሳል፣ ያገደው የትኛው እንደነበረም ሳይታወቅ ይቀራል። ሥራው መልእክቱ የቆመበትን አንድ ቦታ ማግኘትና እሱን ብቻ ማላላት ነው። ምሳሌዎቹ በዎርድፕረስ ናቸው፤ በእጅ በተጻፈ የፒኤችፒ ፎርምም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ የት እንደቀረ ይወቁ

አንድ መልእክት ከደንበኛው ስልክ ተነሥቶ ኢንቦክስዎ እስኪገባ አራት ቦታ ሊያዝ ይችላል። አንደኛው እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው፤ ካፕቻው (ላኪው ሰው መሆኑን የሚፈትነው) ስላልተጫነ ላኪው ቁልፍ ቢጫን ምንም አይወጣም። ሁለተኛው ከዌብሳይቱ ፊት ያለው ፋየርዎል ነው፤ ክላውድፍሌር ወይም ሆስቲንጉ ላይ ያለው ሞድሴኩሪቲ። ሦስተኛው የፎርም ፕለጊኑ ራሱ ነው፦ ቶክን (የማረጋገጫ ኮድ)፣ ሃኒፖት (ለቦት የተዘጋጀ ስውር ሳጥን)፣ የቃል ማጣሪያ። አራተኛው ፎርሙ ተቀብሎት ኢሜይሉ መንገድ ላይ ሲቀር ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት እንዲህ ያድርጉ።

1. የፎርም ፕለጊኑን፣ የካፕቻውን፣ የካሽ ፕለጊኑን (የገጹን ቅጂ አስቀምጦ የሚያቀርበውን) እና የክላውድፍሌሩን ቅንብር ስክሪንሹት አንሥተው ያስቀምጡ። ሦስት ነገር በአንዴ ነካክቶ የቱ ምን እንደነበር መርሳት የተለመደ ነው።

2. ዌብሳይቱን በኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱ። አድሚን ሆነው በገቡበት መስኮት የሚደረግ ሙከራ ዋጋ የለውም፤ ብዙዎቹ መከላከያዎች አድሚንን ዝም ብለው ያሳልፋሉ፣ ካሽ የተደረገውም ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ለአድሚን አይቀርብም።

3. ኤፍ12ን ተጭነው «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፤ «ፕሪዘርቭ ሎግ» ላይ ምልክት ያድርጉ።

4. ፎርሙን እንደ ደንበኛ ይሙሉ። በመልእክቱ ውስጥ በኋላ ፈልገው የሚያገኙት ነገር ይጻፉ፤ «ሙከራ ሐረጎ 1» ቢሉ ይበቃል። ቢያንስ 15 ሰከንድ ቆይተው ይላኩ።

5. ከዝርዝሩ ውስጥ ፖስት (የተሞላውን የሚልክ) የሆነውን ጥያቄ ይምረጡ፤ የስቴተስ ቁጥሩንና «ሪስፖንስ» ስር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።

6. ይኸንኑ በቢሮው ዋይፋይ፣ በኢትዮ ቴሌኮም ዳታና በሳፋሪኮም ዳታ ይድገሙት። ላፕቶፑን ከስልክ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት ይበቃል። ቪፒኤን ካለ አንዴ አጥፍተው፣ አንዴ አብርተው ይሞክሩ።

ፖስት የሚባል ጥያቄ ጭራሽ ካልወጣ ነገሩ ብሮውዘሩ ውስጥ ቀርቷል፤ «ኮንሶል» የሚለውን ክፍል ሲከፍቱ ቀይ መስመር ያገኛሉ። 429 ከመጣ ከዚያ አይፒ ብዙ ጊዜ ተልኳል ማለት ነው። 403 ሲመጣ ሪስፖንሱን ይዩ፦ ሙሉ ገጽ ከሆነ የከለከለው ፋየርዎል ነው፣ አጭር የጄሰን ጽሑፍ ከሆነ ዎርድፕረሱ ራሱ ነው። 406 አብዛኛውን ጊዜ ሞድሴኩሪቲ ነው።

200 ግን ተሳክቷል ማለት አይደለም። ኮንታክት ፎርም 7 የሚባለው የፎርም ፕለጊን መልእክቱን ስፓም ብሎ ሲጥለውም የሚመልሰው 200 ነው፤ እውነቱ ያለው በሪስፖንሱ ውስጥ «ስቴተስ» ከሚለው ቀጥሎ ነው። በዚህ ፕለጊን የማሳወቂያው ክፈፍ ቀለምም ይናገራል፤ ቴሙ ካልቀየረው በቀር ብርቱካናማ ስፓም፣ ቀይ ኢሜይሉ አልወጣም፣ ቢጫ የጎደለ ወይም የተሳሳተ ሳጥን፣ አረንጓዴ ተልኳል ነው። ስፓም ሲባልም ኢሜይሉ ሳይወጣ ሲቀርም ለደንበኛው የሚታየው ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ «ምን የሚል መጣ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። «ዙሪያው ምን ቀለም ነበር?» ይበሉ፤ ከተቻለ ስክሪንሹቱን በቴሌግራም ያስልኩ።

ካፕቻው፦ ብዙው ችግር እዚህ ነው

በቁልፎቹ ይጀምሩ። የጉግሉ ሪካፕቻም ሆነ የክላውድፍሌሩ ተርንስታይል ሁለት ቁልፍ ይሰጣል፤ የሳይት ኪይ ገጹ ላይ ይታያል፣ ሲክሬት ኪይ ሰርቨሩ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ አንድም መልእክት አያልፍም። የቨርዥን 3 ቁልፍ ለቨርዥን 2 በተዘጋጀ ሳጥን ውስጥ ከገባ ደግሞ ገጹ ላይ የቁልፉ ዓይነት ልክ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ዌብሳይቱ በጊዜያዊ ስም ተሠርቶ ኋላ ወደ ዋናው ዶሜይን ሲዛወር ቁልፉ አሮጌውን ስም ይዞ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ተርንስታይል ይህን በ110200 ቁጥር ያሳውቃል። ዶሜይኑን ሲያስመዘግቡ ከፊት ያሉትን ሦስት ደብሊው ሳይጨምሩ ዋናውን ስም ያስገቡ።

ቀጥሎ የቶክን ዕድሜ ነው፤ ለእኛ አካባቢ ኔትወርክ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ካፕቻው ደንበኛው ሰው መሆኑን ሲያምን አንድ ቶክን ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩም ያንን ቶክን ለጉግል ወይም ለክላውድፍሌር መልሶ ልኮ ያረጋግጣል። የሪካፕቻ ቶክን 2 ደቂቃ፣ የተርንስታይል ቶክን 300 ሰከንድ ብቻ ይቆያል። ሁለቱም የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን የኮሌጁን ምዝገባ ፎርም ያስቡ። ተማሪው በስልኩ ሃያ ሳጥን ይሞላል፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ፎቶ አንሥቶ ያያይዛል። ገጹ ሲከፈት የተወለደው የቨርዥን 3 ቶክን ተማሪው የአያቱን ስም ጽፎ ሳይጨርስ ሞቷል። መድኃኒቱ ቶክኑ ገጹ ሲጫን ሳይሆን ላኪው ቁልፍ ሲጫን እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። በእጅ የተጻፈ ፎርም ከሆነ «ኤክሲኪዩት» የሚለው ጥሪ በሰብሚት ውስጥ ይግባ። በፕለጊን የተሠራ ከሆነ ፕለጊኑን ወደ አዲሱ ቨርዥን ያድሱት፤ የቆዩት ላይ ይህ ጉድለት ነበረባቸው። ተርንስታይል ጊዜው ያለፈበትን ቶክን በነባሪው ቅንብር ራሱ ያድሳል፤ አንድ ሰው ያንን ካጠፋው መልሰው ያብሩት።

ይህ ተስተካክሎም ፋይል የሚያያዝበት ፎርም ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ ቶክኑን የሚያረጋግጠው ፋይሉ በሙሉ ከደረሰው በኋላ ነው። 4 ሜጋባይት ፎቶ በሴኮንድ 256 ኪሎቢት በሚልክ መስመር 125 ሰከንድ ይፈጃል፤ ቶክኑ ግን በ120 ሰከንዱ አልቋል። ተማሪው ሁሉን በትክክል ሠርቶ፣ እስከ መጨረሻው ጠብቆ «ማረጋገጫው አልተሳካም» ይባላል። ፎቶው ከመላኩ በፊት ብሮውዘሩ ውስጥ ወደ 1 ሜጋባይት ቢወርድ ጊዜው ወደ 31 ሰከንድ ገደማ ይወርዳል፤ ለሰነድ ንባብ ጥራቱ ይበቃል። አለዚያ ፋይሉ እንደተመረጠ ወዲያው ለብቻው እንዲጫን፣ ቶክኑ ከጽሑፉ ጋር በመጨረሻ እንዲሄድ ያድርጉ።

ከዚሁ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር፦ ፒኤችፒ በነባሪው ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው ፖስት 8 ሜጋባይት ይፈቅዳል። ጠቅላላው ከ8 ካለፈ ፒኤችፒ የተላከውን ጽሑፍ በሙሉ ባዶ አድርጎ ለፕለጊኑ ያቀርባል፤ ፕለጊኑም ቶክን ስላላገኘ «ካፕቻ የለም» ብሎ ያግዳል። ስህተቱ የካፕቻ ይመስላል እንጂ የመጠን ነው። በሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ) የፒኤችፒ ቅንብር ውስጥ ገብተው «ፖስት ማክስ ሳይዝ» እና «አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ» የሚሉትን ይዩ።

መስመሩ ሲዘገይ ሰው ሁለት ጊዜ ይጫናል። የመጀመሪያው ያልፋል፣ ሁለተኛው ያንኑ ቶክን ይዞ ስለሚሄድ «ታይምአውት ኦር ዱፕሊኬት» ተብሎ ይመለሳል፤ ደንበኛው የሚያየው ሁለተኛውን ስለሆነ አልተላከም ብሎ ይሄዳል። ቁልፉ አንዴ ከተጫነ እንዲደበዝዝና «እየተላከ ነው፣ ይጠብቁ» እንዲል ያድርጉ። ትንሽ ሥራ ናት፣ ብዙ ስልክ ታስቀራለች።

ስለ ሪካፕቻ ቨርዥን 3 ነጥብ። እያንዳንዱ ጎብኚ ከ0.0 እስከ 1.0 ነጥብ ያገኛል፤ የተለመደው መቁረጫ 0.5 ነው። አንዳንዱ ስፓም ሲበዛበት 0.7 ወይም 0.9 ያደርገዋል፤ ይህ ቪፒኤን ከፍቶ የረሳን ብዙ ሰው ውጭ ያስቀራል፣ ቪፒኤን የሌለው ስልክ ደግሞ ስንት ነው? ወደ 0.3 ያውርዱት፤ በጉግል የሪካፕቻ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ያለውን የነጥብ ሥርጭት ለጥቂት ቀን ተመልክተው ይወስኑ። ከሁሉ የሚሻለው ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን አለመጣል፣ «ይታይ» በሚል መዝገብ ማቆየት ነው። የቨርዥን 3 ስክሪፕት ፎርሙ ያለበት ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን በሌሎቹም ገጾች ሲጫን ስለ ጎብኚው የተሻለ መረጃ ያገኛል፤ «ለፍጥነት» ተብሎ ከሌሎቹ ገጾች ተነቅሎ ከሆነ ነጥቡ የወረደው በዚያ ሊሆን ይችላል።

ፍጥነት ካነሣን ዘንድ፣ ካፕቻን በብዛት የሚሰብሩት የማፋጠኛ ፕለጊኖች ናቸው። ደብሊውፒ ሮኬት ውስጥ ያለው የጃቫስክሪፕት ማዘግያ፣ ላይትስፒድ ካሽ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ አማራጭ፣ የክላውድፍሌር ሮኬት ሎደር፦ ሁሉም ስክሪፕቱን ያቆዩታል ወይም ቅደም ተከተሉን ያዛባሉ። ሪካፕቻና ተርንስታይል የሚሉትን ስሞች በየፕለጊኑ «ኤክስክሉድ» ሳጥን ውስጥ ያስገቡ። ሁለት ፕለጊኖች፣ ለምሳሌ የፎርሙና የመግቢያ ገጽ ጠባቂው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሪካፕቻ በተለያየ ቁልፍ የሚጭኑበት ጊዜም አለ፤ አንዱን ከፎርሙ ገጽ ላይ ያንሡ።

የደንበኛው ሰዓት

ተርንስታይል 200100 የሚል ቁጥር ካሳየ የጎብኚው ኮምፒውተር ሰዓት ወይም ካሹ ልክ አይደለም። ይህ እኛ ጋ ከሌላው ዓለም በተለየ ምክንያት ይደርሳል። ኢንተርኔት ቤትና መሥሪያ ቤት ያሉ አሮጌ ዴስክቶፖች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው አልቆ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓታቸውን ይረሳሉ፤ የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እጁ ላይ እንዳለው 3፡00 አድርጎ ይሞላዋል። ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ሰዓት 9፡00 እንዲባል ይጠብቃል፤ የ6 ሰዓት ስህተት ተፈጠረ። ገጹ ይከፈታል፣ ካፕቻው ብቻ እምቢ ይላል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላው ደግሞ ጭራሽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ገጽ ይገጥመዋል፣ ምክንያቱም የደኅንነት ሰርተፍኬቱ ለኮምፒውተሩ ገና ያልወጣ ይመስለዋል።

ይህን ከዌብሳይቱ በኩል መጠገን አይቻልም። ፎርሙ አጠገብ ግን «አልላክ ካለ የስልክዎ ወይም የኮምፒውተርዎ ሰዓትና ቀን ልክ መሆኑን ይመልከቱ» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ማስቀመጥ ይቻላል። ኮምፒውተሩ የራስዎ ከሆነ ባትሪውን ይቀይሩ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ ያድርጉ፣ የጊዜ ክልሉን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደፊት ላይ ያኑሩ።

አማርኛ ራሱ እንደ ስፓም ሲቆጠር

ብዙ የስፓም ማጣሪያ የተሠራው በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ነው። «ላቲን ያልሆነ ፊደል ያለበትን አግድ» የሚል አማራጭ ያላቸው ፕለጊኖች አሉ፤ ሠሪው የሩሲያ ስፓም ለማስቆም ብሎ ያበራዋል፣ «ሰላም፣ ለሁለት ሌሊት ክፍል እፈልጋለሁ» ብሎ የጻፈውም አብሮ ይታገዳል። ምርመራው ቀላል ነው፦ አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ፣ ያንኑ በአማርኛ ይላኩ። እንግሊዝኛው አልፎ አማርኛው ከቀረ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

ሞድሴኩሪቲ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ግን ጠልቆ የተቀበረ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ ሁሉም ከአስኪ (የላቲን ፊደላትና ምልክቶች መሠረታዊ ኮድ) ክልል ውጭ ናቸው። ሞድሴኩሪቲ የሚጠቀምባቸው የኦዋስፕ ሕጎች ከ1 እስከ 4 ጥብቀት ደረጃ አላቸው፤ በደረጃ 1 አማርኛ በሰላም ያልፋል፣ በደረጃ 3 ግን 920272 ቁጥር ያለው ሕግ ከአስኪ ክልል ውጭ ያለን ፊደል እንደ አጠራጣሪ ይቆጥራል። የሆስቲንጉን ሰዎች «ዌብሳይቴ አይሠራም» ከሚሏቸው ይልቅ «በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ አይፒ፣ ወደዚህ ገጽ የላክሁት ፖስት 403 ተመልሷል፤ የሞድሴኩሪቲ ሎጉን አይታችሁ የሕጉን ቁጥር ንገሩኝ፣ ለዚህ ገጽ ብቻም አንሡልኝ» ብለው ይጻፉላቸው። ሞድሴኩሪቲን ለዶሜይኑ በሙሉ ማጥፋት በሲፓነል አንድ ክሊክ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ምርመራ ካልሆነ በቀር አይንኩት።

የተከለከሉ ቃላት ዝርዝርም አለ። ዎርድፕረስ ውስጥ በሴቲንግስ፣ ዲስከሽን ስር ያለው «ዲስአላውድ ኮሜንት ኪይስ» ለአስተያየት ብቻ ይመስላል፤ ኮንታክት ፎርም 7 ግን እሱን አንብቦ ስፓም ይላል። ከዚህ የከፋው ቃሉን በሌላ ቃል ውስጥ ተሸሽጎም ቢሆን መያዙ ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ሲያሊስ የሚባለው የመድኃኒት ስም አይጠፋም፤ ስፔሻሊስት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እነዚያው ስድስት ፊደላት በተርታ መሃሉ ላይ አሉ። ደሴ ያለ ክሊኒክ «የልብ ስፔሻሊስት መቼ ይገባል?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ በመጣለት ቁጥር ፎርሙ ይጥለዋል ማለት ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ፤ ከአምስት ፊደል ያነሰውን ሁሉ ያውጡ፣ የሥራዎን ቃላት አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አይፒ አድራሻዎችም እዚያው ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ፤ እነሱንም ያንሡ።

ስልክ ቁጥር ላይ አጭር ማስታወሻ፦ ከ09 በቀር የማይቀበል ሳጥን የሳፋሪኮምን 07 ይመልሳል። በ0 የሚጀምረውንም፣ በ+251 የሚጀምረውንም፣ በመሃሉ ክፍት ቦታ ያለውንም ይቀበል፤ ማስተካከሉን ሰርቨሩ ይሥራ።

አይፒና አገር

የሞባይል ዳታ ተጠቃሚዎች በርካታ ሆነው አንድ አይፒ ይጋራሉ። «ከአንድ አይፒ በሰዓት ከ3 በላይ አይቀበል» የሚል ገደብ ለአውሮፓ ዌብሳይት ምንም ላይሆን ይችላል፤ በምዝገባ ሰሞን ደሴ ላይ ግን አራተኛውን ተማሪ ያግዳል። አንድ ዋይፋይ የሚጋራ የኮሌጅ ግቢም ያው ነው። ገደቡን ቢያንስ ወደ 30 ያውጡት፣ ወይም በአይፒ ሳይሆን በስልክ ቁጥር ወይም በኢሜይል ይቁጠር።

ዌብሳይቱ ከክላውድፍሌር ጀርባ ካለ አንድ ተጨማሪ ነገር ያረጋግጡ። ሰርቨሩ የእውነተኛውን ጎብኚ አይፒ እንዲያነብ ካልተደረገ የሚያየው የክላውድፍሌርን አይፒ ነው፤ የዓለም ሕዝብ በሙሉ ለእሱ ጥቂት ሰዎች ይሆኑና ገደቡ በደቂቃ ይሞላል። ምልክቱ የፎርም መዝገብዎ ውስጥ ያሉት አይፒዎች መመሳሰላቸው ነው። የደኅንነት ፕለጊኑ ቅንብር ውስጥ አይፒው ከ«ሲኤፍ ኮኔክቲንግ አይፒ» እንዲነበብ የሚለውን ይምረጡ።

ስፓም ስለበዛ «ከኢትዮጵያ ውጭ ሁሉ ይታገድ» የሚል ሕግ ማውጣት ቀላል ነው፤ ለኪዮስክ ምናልባት ይሆናል። ለማረፊያ ቤት፣ ለቤት ሽያጭ፣ ለትምህርት ቤት ግን አይሆንም። ሳዑዲና ዱባይ ያለው የወሎ ልጅ ለእናቱ ክፍል የሚይዘው፣ ለወንድሙ ክፍያ የሚጠይቀው በዚያው ፎርም ነው። ቪፒኤን የከፈተውና ኦፔራ ሚኒን በከፍተኛ ዳታ ቁጠባ የሚጠቀመውም ደሴ ተቀምጦ ከውጭ አገር የመጣ ይመስላል። ከማገድ ይልቅ «ማኔጅድ ቻሌንጅ» (ጎብኚውን የሚፈትሽ የክላውድፍሌር ገጽ) ያድርጉበት።

እሱንም ቦታ መርጠው ነው። ብዙ ፎርም ገጹን ሳያድስ ከበስተጀርባ ስለሚልክ፣ ቻሌንጁ የመላኪያው አድራሻ ላይ ከተቀመጠ የሚታይበት ገጽ የለም፤ ፎርሙ ክቧን እያሽከረከረ ይቀራል፣ ኔትወርኩ ውስጥ 403 ይታያል። በክላውድፍሌር «ሴኩሪቲ» ስር «ኢቨንትስ» ውስጥ ገብተው ያገደውን ሕግ ስም ያግኙ፤ ቻሌንጁ ፎርሙ ያለበት ገጽ ላይ ይሁን፣ «ደብሊውፒ-ጄሰን» እና «አድሚን-አጃክስ» በሚሉት መንገዶች ላይ ግን «ስኪፕ» የሚል ሕግ ይጨምሩ። «ሬስት ኤፒአይን ዝጋ» የሚል አማራጭ ያላቸው የደኅንነት ፕለጊኖችም ኮንታክት ፎርም 7ን ሙሉ በሙሉ ያደነቁሩታል፣ የሚልከው በዚያ በኩል ስለሆነ።

ሃኒፖትና ካሽ

ሃኒፖት ለሰው የማይታይ ሳጥን ነው፤ የሞላው ቦት ተብሎ ይጣላል። የሚሳሳተው የስልኩ ብሮውዘር ስምና አድራሻ ራሱ ሲሞላ ያንንም ሳጥን ሲሞላው ነው። የሳጥኑ ስም «ኢሜይል2» ወይም «አድራሻ» ዓይነት ከሆነ ይቀይሩት፤ ብሮውዘሩ የማያውቀው ትርጉም የለሽ ስም ይሁን፣ አውቶኮምፕሊቱ ይጥፋ፣ በታብ ቁልፍም እንዳይደረስበት ይሁን። በጣም ፈጥኖ የሞላን የሚጥል የጊዜ ገደብ ካለ 3 ሰከንድ ይበቃል። 10 ወይም 15 ያደረጉ አሉ፤ ስሙና ስልኩ ራሱ የተሞላለት ሰው በ6 ሰከንድ ይጨርሳል።

ካሽ የሚያበላሸው «ፎርም ቶክን ኢዝ ኢንቫሊድ» በሚል ዓይነት መልእክት ይታወቃል። የዎርድፕረስ ኖንስ (ገጹ ውስጥ የሚቀመጥ የደኅንነት ቶክን) የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው፤ ካሹ ገጹን ለሳምንት ካቆየው ደንበኛው የሚያገኘው የሞተ ኖንስ ነው። የካሹን ዕድሜ ወደ 10 ሰዓት ያውርዱ ወይም ፎርሙ ያለበትን ገጽ ከካሽ ያውጡ፣ ከዚያ ካሹን በሙሉ ያጽዱ፤ የፕለጊኑንም፣ የሆስቲንጉንም፣ የክላውድፍሌሩንም። አንዱን አጽድቶ ሌላውን መርሳት ተመራማሪውን ግማሽ ቀን ያንከራትታል።

ተልኳል ተብሎ ካልደረሰ

ኮንታክት ፎርም 7 ካለዎት ፍላሚንጎ የሚባለውን ፕለጊን ይጫኑ፤ የገባውንም ስፓም የተባለውንም ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ደብሊውፒ ፎርምስ ውስጥም ስፓም የተባለውን የሚያስቀምጥ አማራጭ አለ። መልእክቱ እዚያ ካለ ፎርሙ ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው ኢሜይሉ ነው።

የተለመደው ስህተት «ፍሮም» በሚለው ቦታ የደንበኛውን ኢሜይል ማድረግ ነው። ያኔ የእርስዎ ሰርቨር በጂሜይል ስም የላከ ይመስልና የዲማርክ ምርመራው (ኢሜይሉ በእርግጥ ከተጻፈው ዶሜይን መምጣቱን የሚያጣራው) ላይ ይወድቃል። ፍሮም የራስዎ ዶሜይን አድራሻ ይሁን፣ የደንበኛው «ሪፕላይ ቱ» ውስጥ ይግባ። ጂሜይልና ያሁ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኬአይኤም (ኢሜይሉ ከዶሜይኑ መሆኑን የሚያረጋግጡ የዶሜይን መዝገቦች) ይጠይቃሉ፤ ሁለቱንም ያስገቡ። የኤስፒኤፍ መዝገብ ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ከተገኘ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፣ በውስጡ የሚጠሩትም ከ10 ማለፍ የለባቸውም። መላኩ በኤስኤምቲፒ ፕለጊን፣ በፖርት 587 ወይም 465 ይሁን።

ምን ያህል መከላከያ ይተው?

ለአንድ ትንሽ ድርጅት ፎርም ሃኒፖት፣ የ3 ሰከንድ ገደብና ተርንስታይል በእኛ አስተያየት ይበቃሉ። አኪስሜት የሚባለውን የስፓም ማጣሪያ መጨመር ይቻላል፣ ግን ስፓም ያለውን እንዲያስቀምጥ እንጂ እንዲሰርዝ አይፍቀዱለት። ሪካፕቻ ከተርንስታይል ጋር አብሮ መጫን ትርጉም የለውም፤ ደንበኛውን ሁለት ጊዜ መፈተሽ ነው። የስህተት መልእክቱን ወደ አማርኛ ይመልሱትና ቀጥሎ የቢሮውን ስልክ ወይም የቴሌግራም አድራሻ ያስገቡበት፤ ካፕቻው የያዘው ሰው በዚያ ይመጣል።

ሲጨርሱ ለምርመራ ያጠፉትን ሁሉ መልሰው አብርተው ስድስቱን እርምጃ ከኢንኮግኒቶ እንደገና ይሂዱባቸው፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ ፋይል አያይዘው። የስፓም መዝገቡን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ይክፈቱት፤ የካሽ ወይም የደኅንነት ፕለጊን በታደሰ ማግሥት ደግሞ ሳይጠብቁ አንድ የሙከራ መልእክት ይላኩ።